በደብራችን ስንት ድመቶች አሉ?
ባለቤት አልባ ድመቶችን በርኅራኄና በዘመናዊ መሣሪያ ስለ መቆጣጠር የቀረበ ትምህርት

ከሦስት ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ከተማ በሚገኝ አንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የሄድኩት ስለ ውኃ ማጠራቀሚያ ሥራ ለማስረዳት ነው። ከእኔ ጉዳይ በፊት የተያዘው አጀንዳ «በቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ስለሚገኙ ድመቶች» የሚል ስለነበር ርእሱ ሲነበብ ፈገግ አልኩ። ስብሰባው ሲያልቅ ግን ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። አንዱ አባል «ከስልሳ ይበልጣሉ» አለ፤ ሌላው «መቶ ይሞላሉ» አለ። በሌሊት ይጮኻሉ፣ በደጀ ሰላሙ ምግብ ይገለብጣሉ፣ በምንጣፍ ላይ ይጸዳዳሉ፣ አንድ ሕፃንም ተቧጭሯል ተባለ። ውሳኔው በመርዝ እንዲወገዱ ሆነ። እኔ ስለ ውኃ ልናገር የመጣሁ እንግዳ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት ካነሣሡኝ ምክንያቶች አንዱ ያ ዝምታዬ ነው።

መርዙ በሥጋ ተለውሶ ሌሊት ተበተነ። ጠዋት የተገኙት የሞቱ ድመቶች ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር የጥበቃው ውሻና ሁለት ቁራዎች ሞተው ተገኙ። ሦስት ወር ሳይሞላ በዕቃ ቤቱ አይጥ በዛ። ለመሥዋዕት የተቀመጠው የስንዴ ከረጢት ተቀደደ፤ ጧፉ ተበላ፤ የአንድ የብራና መጽሐፍ ጠርዝ ተቆረጠመ። በዓመቱ ደግሞ ድመቶቹ እንደ ቀድሞው ሆነው ተገኙ፤ ልዩነቱ አብዛኞቹ አዲሶች መሆናቸው ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ነገር ብዙዎችን ስለሚያስገርም በእርሱ እንጀምር።

የተፈጠረው ባዶ ቦታ ለምን ይሞላል?

ድመት ያለ ምክንያት በአንድ ስፍራ አትሰፍርም። ምግብ፣ መጠለያና ውኃ ባሉበት ትሰፍራለች። የቤተ ክርስቲያን ቅጽር በከተማ ውስጥ ሦስቱንም ያሟላል፦ ዛፍና የድንጋይ አጥር አለው፤ የሰንበቴና የዝክር ትራፊ አለው፤ የመኪና ጩኸትም የለበትም። በዚህ ላይ በጨለማ በካርቶን ተደርገው በበሩ የሚጣሉ የድመት ግልገሎች አሉ። የነበሩት ድመቶች ሲወገዱ እነዚህ ሁሉ በቦታቸው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ከአጎራባች ሰፈር ያሉት ይገባሉ፤ የተረፉትም የሚሻማቸው ስለሌለ ግልገሎቻቸው ይበልጥ ያድጋሉ።

የመራቢያ ፍጥነታቸውንም ማስተዋል ያስፈልጋል። እንስት ድመት አራትና አምስት ወር ሲሞላት ልትፀንስ ትችላለች። እርግዝናዋ ሁለት ወር ያህል ነው። በአንድ ወሊድ በአማካይ አራት ያህል ትወልዳለች፤ በዓመትም ሁለትና ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ቀዝቃዛ ክረምት ባለባቸው አገሮች ቀኑ ሲያጥር መራባት ለጥቂት ወራት ይቆማል፤ በእኛ አገር ግን የቀንና የሌሊት ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ የሚያርፉበት ወቅት የለም ማለት ይቻላል። ከሚወለዱት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስድስት ወር ሳይሞላቸው በረሃብ፣ በበሽታና በመኪና ይሞታሉ። «ተፈጥሮ ራሷ ታስተካክለዋለች» የሚሉ ሰዎች ይህን ማለታቸው ከሆነ፣ ማስተካከያው ምን ያህል ጭካኔ እንዳለበት በቅርብ አላዩትም ማለት ነው።

ሌላው መንገድ በብዙ አገሮች የተፈተነው ነው፦ ድመቶቹን ያለ ጉዳት ይዞ፣ በእንስሳት ሐኪም አምክኖ፣ ከትቦ፣ ወደ ነበሩበት ስፍራ መመለስ። የመከነችው ድመት ቦታዋን ይዛ ትቀጥላለች፤ አይጥም ትይዛለች፤ ግን አትወልድም። ወንዱም ከመከነ በኋላ የሌሊት ጩኸቱና ጠቡ ይቀንሳል፤ የሽንቱ ክፉ ሽታም እንዲሁ።

ስለዚህ ሥራ በረጅም ጊዜ ከተመዘገቡት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በአሜሪካ ከሚገኘው የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ነው። በጎ ፈቃደኞች ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በ1996 በግቢው 68 ድመቶች ተቆጥረው ነበር፤ በ2002 ቁጥሩ 23 ሆነ፤ በ2019 ደግሞ 10 ብቻ ቀሩ። በዚህ ውስጥ ሁለት ነገሮችን አስተውሉ። አንደኛ፣ ከተያዙት ድመቶች ግማሽ ያህሉ ለማዳ ስለነበሩ በየቤቱ የሚያሳድጋቸው ሰው ተገኘላቸው፤ ቁጥሩ የቀነሰው በማምከን ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ አዲስ የሚጣሉና የሚመጡ ድመቶች አልቆሙም ነበር፤ ነገር ግን ሳይወልዱ ይያዙ ነበር። ሥራው አንድ ዘመቻ አልነበረም፤ ዓመታት የወሰደ ጥበቃ ነው። በአንድ ቅዳሜ እንጨርሰዋለን ብሎ የሚነሣ ኮሚቴ ቢቀርበት ይሻላል።

እንዲያውም በከፊል የተሠራ ሥራ ብዙ ጥቅም የለውም። በስሌት የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ቁጥሩ በርግጥ እንዲቀንስ ከአሥር ድመቶች ቢያንስ ሰባቱ መምከን አለባቸው። ከሠላሳ ድመቶች ስድስቱን ብቻ ብናመክን ሌሎቹ ክፍተቱን በአንድ ዓመት ይሞሉታል። እንግዲህ ከአሥሩ ሰባቱን ለመድረስ አሥሩን ማወቅ ግድ ነው። ዘመናዊው መሣሪያ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው።

መቁጠር

ሰው ድመትን ሲቆጥር ይሳሳታል። አንዲቱን ግራጫ ድመት ጠዋት በደጀ ሰላም፣ ቀን በመቃብር ስፍራ፣ ማታ በጥበቃ ቤት ሲያያት ሦስት ያደርጋታል። የሌሊት ጩኸት ደግሞ ሁለቱን ሃያ ያስመስላል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2021 ድረስ የከተማዋን ድመቶች ለመቁጠር ትልቅ ሥራ ተሠርቶ ነበር። እንቅስቃሴ ሲያዩ በራሳቸው ፎቶ የሚያነሡ ካሜራዎች ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ስፍራዎች ተተከሉ። ውጤቱ ሲሰላ በከተማዋ 200,000 ያህል ድመቶች እንዳሉ ተገመተ፤ ግማሽ ያህሉ ግን ከቤት የማይወጡ ነበሩ፤ ያለ ባለቤት በደጅ የሚኖሩት ጥቂት ሺህ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከተማዋ ልትሠራው የሚገባት ሥራ ከተፈራው እጅግ ያነሰ ሆነ ማለት ነው።

ከላይ ባነሣሁት ደብር ሰበካ ጉባኤው ጉዳዩን እንደገና ባነሣ ጊዜ በዚህ ትምህርት መሠረት ከመወሰን በፊት ለመቁጠር ተስማማን። ግምቱ አሁንም «ከስልሳ በላይ» ነበር። ከሰንበት ትምህርት ቤት ሦስት ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ለሦስት ተከታታይ ቀናት፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ያዩትን ድመት ሁሉ ፎቶ አነሡ። በቅጽሩም ከአንድ ወዳጅ የተዋስናቸው ሁለት የሌሊት ካሜራዎች ተተከሉ። ፎቶዎቹ ሲነጻጸሩ 23 ድመቶች ሆኑ።

ስለዚህ ቆጠራ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በቅጽሩ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ አሉ፤ ድመቶቹን የሚያበሉት እርሳቸው ናቸው። የመርዙ ውሳኔ ከእርሳቸው ተሰውሮ ነበር፤ በዚያ ጠዋት ምን እንደተሰማቸው ሁላችንም አይተናል። ፎቶዎቹን ሳሳያቸው አንድ በአንድ በስም ጠሩልኝ፦ ቡሬ፣ ጥቁሬ፣ ባለ ቆቧ። «ሃያ አንድ ናቸው፤ እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ ለካሜራ ምን አደከመህ፣ ልጄ?» አሉኝ። እውነት ነበራቸው፤ ሃያ አንዱን አንዱም ሳይጎድል ያውቋቸዋል። ካሜራው የጨመረልን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻ የሚመጡ ሁለት ድመቶችን ነው፤ ሁለቱም እንስቶች ነበሩ። በየደብራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። መዝገቡን በእርሱ ጀምሩ፤ መሣሪያው የሚያስፈልገው እርሱ ያላየውን ለማየት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዷ ድመት በግራና በቀኝ ጎኗ እንዲሁም ከፊት ፎቶ ትነሣለች። የዝንጉርጉር ድመት መስመር እንደ ሰው የጣት አሻራ ከሌላዋ ይለያል፤ የግራው ጎን ግን ከቀኙ ጋር ስለማይመሳሰል ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለእያንዳንዷ ቁጥር ይሰጣል፤ ፆታ፣ የታየችበት ስፍራና ሰዓት፣ እርጉዝ ወይም የምታጠባ መሆኗ በስልኩ ላይ ባለ ሰንጠረዥ ይመዘገባል። ለዚህ የተለየ መተግበሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ኮሚቴው በቴሌግራም አንድ የጋራ ገጽ ቢከፍት ይበቃል። ፎቶ አነጻጽሮ ይህች ያችው ናት የሚሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መተግበሪያዎች አሉ። ነገር ግን ምልክት የሌላቸውን ጥቁር ድመቶች መለየት ለእነርሱም ለሰውም አስቸጋሪ ነው፤ ለእነዚህ የጅራት ቅርጽ፣ የጆሮ ጠባሳና የሰውነት መጠን ይመዝገብ።

ካሜራ በሚተከልበት ጊዜ ግን ጥንቃቄ ይደረግ። ካሜራው ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ወደ ምግቡ ስፍራ ብቻ ዞሮ ይተከል። ምእመናን ልብሳቸውን አውልቀው በሚጠመቁበት የጸበል ስፍራ አጠገብ፣ ንስሐ በሚሰጥበት ቦታና ነዳያን በሚያድሩበት ጥግ በፍጹም አይተከል። ፎቶው ላይ ሰው ከተገኘ በዚያው ይሰረዝ። ይህ ካልተጠበቀ ስለ ድመት የጀመርነው ሥራ በሰው ላይ በደል ሆኖ ያልቃል። እኛ በመጀመሪያው ሌሊት አንዱን ካሜራ በተሳሳተ ቦታ አስቀምጠን በጥበቃው ጥቆማ አንሥተነዋል።

መያዝና ማምከን

ድመት የሚያዘው በሽቦ ቀፎ ነው። ቀፎው ውስጥ ምግብ ይቀመጣል፤ ድመቷ ገብታ መርገጫውን ስትረግጥ በሩ ይዘጋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ማንም ሳያያት ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ውስጥ የታሰረች ድመት ራሷን ታቆስላለች። ለዚህ የሚረዳው መሣሪያ በቀፎው በር ላይ የሚገጠም ትንሽ ማሳወቂያ ነው፤ የሲም ካርድ ስላለው በሩ ሲዘጋ ወደ ጥበቃው ስልክ መልእክት ይልካል። ጥበቃው መጥቶ ቀፎውን በጨርቅ ይሸፍነዋል፤ ጨለማ ሲሆንላት ትረጋጋለች። በካሜራ እያዩ በሩን ከሩቅ በስልክ የሚዘጉበት ዓይነትም አለ፤ ይህ የምትፈለገዋን ድመት ብቻ ለይቶ ለመያዝ ይጠቅማል። መሣሪያው ከሌለም ሥራው አይቆምም፤ ጥበቃው በየሰዓቱ እየዞረ ካየ መሣሪያውን ይተካል።

ጡቷ አብጦ የታየች ድመት ከተያዘች በአንድ ጥግ የሚጠብቋት ግልገሎች አሉ ማለት ነው። እርሷን አንድ ቀን ማቆየት ግልገሎቹን መግደል ሊሆን ይችላል። መዝገቡ የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ የምታጠባ መሆኗ አስቀድሞ ከተጻፈ ግልገሎቿ ይፈለጋሉ፤ ወይም ጡት እስኪጥሉ ትቆያለች።

በአጋጣሚ ያስተዋልነው ነገር ደግሞ አለ። በዐቢይ ጾም ወቅት የአካባቢው ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉና የዝክር ትራፊም የፍስክ ስላልሆነ ድመቶቹ ይራባሉ፤ ወደ ቀፎውም ቶሎ ይገባሉ። በሌላ ወራት አራትና አምስት ቀን የፈጀብን በጾሙ በአንድ ሌሊት ተሳካ። (በሁዳዴ ሰርዲን ሊገዛ ወደ ሱቅ የተላከው ዲያቆን ስለ ደረሰበት አስተያየት እዚህ አልጽፍም።)

ቀዶ ሕክምናው የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ በማደንዘዣ ይሠራል። ሐኪም ለማግኘት የክፍለ ከተማውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ በከተማው ያሉትን የግል ክሊኒኮች ወይም በቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅ ይቻላል። ድመቷ እንደተኛች የግራ ጆሮዋ ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ይህን ስነግራቸው እማሆይ ተቆጥተውኝ ነበር። ምክንያቱን ሳስረዳቸው ግን ተቀበሉት፦ ምልክቱ ከሩቅ ስለሚታይ የመከነች ድመት ሁለተኛ ተይዛ ሁለተኛ እንዳትቀደድ ይጠብቃታል።

ከተቻለ ማይክሮቺፕም ይደረግላታል። ስለዚህ ዕቃ ብዙ የተሳሳተ ግምት አለ። ቺፑ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ሆኖ ከቆዳዋ ሥር በመርፌ ይገባል፤ ባትሪ የለውም፤ ድመቷ ያለችበትንም ቦታ አያሳይም። በውስጡ ያለው 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ማንበቢያው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲጠጋው ቁጥሩን ያሳያል። ስለዚህ ማንበቢያ ለሌለው ደብር ቺፕ ብቻውን ጥቅም የለውም፤ ጆሮው ይበቃል።

የዚህ ዘርፍ መሣሪያ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለማወቅ ለሚሹ አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2019 በቤጂንግ አንድ የባይዱ ኩባንያ መሐንዲስ ለደጅ ድመቶች የሚሞቅ መጠለያ ሠርቶ ነበር። በሩ ላይ ያለው ካሜራ የድመትን መልክ ሲለይ በሩን ይከፍታል፤ የበሽታ ምልክት ወይም ያልመከነ ድመት ካየ ለበጎ ፈቃደኞች ያሳውቃል። ማሽኑ ያሳውቃል እንጂ አያመክንም። መልእክቱ ሲደርስ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ከሌለ ውድ የሆነ የበር መክፈቻ ብቻ ነው። መብራት በሚቋረጥበትና ዝናብ ካሜራውን በሚያበላሽበት ደብር ይህን ለመግዛት የሚቸኩል ኮሚቴ ገንዘቡን ለሐኪም ቢከፍል እመክራለሁ።

ንክሻና ንጽሕና

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ድመቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትከተባለች። በሽታው በአገራችን በዋነኛነት በውሻ ንክሻ ቢተላለፍም ድመትም ታስተላልፈዋለች፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላም አያድንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ካህናት አባቶች ይህን በቃላቸው እንዲይዙት እለምናለሁ፦ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የተጀመረውንም ክትባት እስከ መጨረሻው ይፈጽም። ብዙ ጊዜ የተነከሰ ሰው በመጀመሪያ ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ከዓመታት በፊት ያስተማርነው፣ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም የሚለው ትምህርት፣ እዚህም ይሠራል፤ በዚህ በሽታ ግን ቀን መቁጠር ስለማይቻል በመጀመሪያው ሰዓት መነገር አለበት። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት ስለሚውል ለዐውደ ምሕረት ማስታወቂያ የተመቸ ነው።

የድመት ዓይነ ምድር በየቀኑ ይጠረግ። ነፍሰ ጡሮችን የሚጎዳው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ የዕለቱ ጥረጋ ትልቅ ጥበቃ ነው። የምትጠርገው ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች ሌላ ሰው ይተካት። የምግቡም ነገር በሥርዓት ይሁን፦ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ፤ የተረፈው ይነሣ። የደጀ ሰላሙ ቆሻሻ ክዳን ባለው በርሜል ይደረግ። የአይጥ መርዝ በዕቃ ቤት መበተንም ይቁም፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመትም ትሞታለችና።

በዚያ ደብር ይህ እስከሚጻፍ ድረስ ከ23ቱ 17ቱ መክነው ተመልሰዋል፤ አራቱ ግልገሎች ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ የሚያሳድጓቸው ቤቶች እየተፈለጉ ነው። ከቀሩት ስድስቱ ሦስቱ እንስቶች ናቸው። በቁጥር ሲታይ ከአሥር ሰባቱን አልፈናል፤ ነገር ግን ሦስት እንስቶች ያልተያዙበት ደብር ሥራውን ጨርሷል ማለት ከባድ ነው። ባለ ቆቧ ከሦስቱ አንዷ ናት። ባለፈው ሳምንት ካሜራው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀፎውን ሁለት ጊዜ ስትዞረው፣ አሽትታውም ስትመለስ አሳይቶናል። እማሆይ «አትቸኩሉባት፤ ሁዳዴ ሲገባ ራሷ ትመጣለች» ይላሉ። ቀፎውን ከቅበላ ማግስት መልሰን እናስቀምጠዋለን።